ሸራ ቀይራችሁ የፍሬን ፔዳሉ ከሰመጠ፦ ምክንያቱን ማግኘትና ማስተካከል

ሸራውን ቀይራችኋል። ጎማው ታስሯል። መሪው ላይ ቁጭ ብላችሁ ፍሬን ስትረግጡ ግን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ወደ ታች ይሄዳል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ከፍሬን ዘይት መስመሩ አየር ወደ ማስወጣት ይሮጣል። ግማሽ ቀን ይለፋል፣ አንድ ሊትር ዘይት ይጨርሳል፣ ፔዳሉ ግን ያው ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ አየር አልገባም ነበር።

እስቲ አስቡት። ሸራ ብቻ ከቀየራችሁ፣ ቱቦም የአየር ማስወጫ ብሎንም ካልፈታችሁ አየር በየት በኩል ይገባል? ስለዚህ እዚህ አየር ማስወጣት አራተኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

የተጻፈው ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ላላቸው እንደ ቪትዝና የድሮ ኮሮላ ላሉ መኪኖች ነው። አራቱም ጎማ ዲስክ ከሆነም አብዛኛው ይሠራል። ሃይብሪድ ወይም በኤሌክትሪክ የሚያዝ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዳችሁ «ቤት ውስጥ የማይሠራው» የሚለውን አንብቡ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናውን ከቆመበት አታንቀሳቅሱት። «ቀስ ብዬ እስከ ጋራዥ እነዳዋለሁ» አይሠራም። ፔዳሉ ካልጠነከረ መኪናው በሰው ወይም በሌላ መኪና ተጎትቶም አይሄድም፤ ጭነት መኪና ላይ ይጫናል።

ሜዳ ላይ አቁሙት። የማታነሱት ጎማ ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እጃችሁንም አታስገቡ፤ የብረት መደገፊያ ግድ ነው።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አዲስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ሙሉውን ልትቀይሩ ከሆነ አንድ ሊትር ያዙ። ዓይነቱ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው።
- ለአየር ማስወጫው ብሎን የሚሆን ቁልፍ። እንደ መኪናው 8፣ 10 ወይም 11 ይሆናል። ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ይሁን፤ አፉ ክፍት የሆነው የብሎኑን ጠርዝ ያሟጥጠዋል።
- ውስጡ የሚታይ፣ ብሎኑ ጫፍ ላይ ግጥም የሚል ቀጭን ቱቦ።
- ባዶ ጠርሙስ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ በባልዲ።
- ፔዳል የሚረግጥላችሁ ሰው።

ስለ ዘይቱ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የቆየውን አትጠቀሙ፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ሁለተኛ፣ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ሌላ ነው፤ እሱ ይቀላቀላል። ሦስተኛ፣ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባ። የፍሬን ጎሚኒዎችን (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግዱትን ላስቲኮች) ያሳብጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ማጠብ ሳይሆን ጎሚኒ ያለበትን ሁሉ መቀየር ነው። የፍሬን ክፍል በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብም ጎሚኒውን ይጎዳል።

ዘይቱ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ አጥቡት። ቀለም ይልጣል።

## ደረጃ 1፦ ፔዳሉን መመርመር

1. ሞተሩን አጥፉ።
2. አራቱም ጎማ ላይ ካሊፐሩና (ሸራውን ይዞ ዲስኩን የሚቆነጥጠው) ታምቡሩ በቦታው መታሰሩን አረጋግጡ። ካሊፐር ተፈትቶ ሳለ ፔዳል ከተረገጠ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ይወጣል።
3. ፔዳሉን አጠር አጠር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ። እስከ ወለሉ አትውረዱ። 20 ጊዜ ያህል በቂ ነው።

ሸራ ስትቀይሩ ፒስቶኑን ወደ ውስጥ ገፍታችሁታል። ተመልሶ ሸራው ጋ እስኪደርስ ፔዳሉ መስመጡ የታወቀ ነው። ይህን ሳያደርግ መኪና አስነስቶ ከግቢ አጥር ጋር የተላተመ ሰው አይጠፋም።

አሁን ፔዳሉ ምን እንደሚያደርግ አስተውሉ።

ከፍ ብሎ ጠንክሮ ቆመ። ደቂቃ ጠብቃችሁ ስትረግጡም ያው ከሆነ ችግር የለም። ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

በመጀመሪያው ይሰምጣል፤ ሁለት ሦስቴ ሲደገም ከፍ ብሎ ድንጋይ ይሆናል፤ ትንሽ ሲቆይ እንደገና ይሰምጣል። ይህ የክፍተት ምልክት ነው። አንዱ ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ርቋል። ደረጃ 2 እና 3።

ከፍ ቢልም ይለጠጣል፤ መጨረሻ የለውም። አየር፣ የሚያብጥ የላስቲክ ቱቦ ወይም በትክክል ያልተቀመጠ ሸራ። ደረጃ 2፣ ቀጥሎ 4።

ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ አለዚያም የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) በውስጡ እያሳለፈ ነው። ደረጃ 2፣ ቀጥሎ 5።

ሞተር ሲጠፋ ጠንካራ ነው፤ ሲነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ ጤናማ ነው። ሰርቮው፣ ማለትም የእግራችሁን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል፣ እየሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ፔዳሉን ጠፍቶ ከሞከረ በኋላ ሞተር አስነስቶ «ለሰለሰብኝ» የሚለው ይህን ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ያንሳል፤ የሰርቮው እገዛም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያ ግን ፔዳሉን ያከብዳል እንጂ አያለሰልስም። ስለዚህ ለለሰለሰ ፔዳል ሰርቮ አትግዙ።

## ደረጃ 2፦ ምንም ሳትፈቱ የሚታየው

ማጠራቀሚያው። ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ ሞልታችሁ ብቻ አትቀጥሉ። ዘይት አይተንም፤ የሄደበትን ፈልጉ። ሸራው በጣም አልቆ ከነበረ ዘይቱ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ፒስቶኑን ስትገፉት ግን ተመልሶ መሙላት ነበረበት።

መፍሰስ። ሰው ፔዳሉን ይዞ እንዲቆይ አድርጉ። በባትሪ የእያንዳንዱን ካሊፐር ጀርባ፣ የቱቦ መገጣጠሚያ፣ የታምቡር ሥርና ጎማውን ከውስጥ በኩል እዩ። ከዚያ ፔዳሉ የተያያዘበትን ዘንግ በእጅ ዳሱት፤ ማስተሩ ወደ ጋቢና ሊያፈስ ይችላል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ የተቀጠለ የብረት ቱቦ ካለ መገጣጠሚያውን ለይታችሁ ፈትሹ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የብረት ቱቦውን ስለሚበላው ከመኪናው ሥር ያለውን መስመር ሙሉ በሙሉ ተከተሉት።

የላስቲክ ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ ሮንዴላ አለው። ከፈታችሁት ሮንዴላዎቹ አዲስ መሆን አለባቸው። አሮጌው ሲደገም ያፈስሳል፤ ሰው ደግሞ ብሎኑን ይበልጥ ያጠብቃል፤ ብሎኑ ይቆረጣል። ሶማሌ ተራ ሸራ ስትገዙ ሮንዴላውንም አብራችሁ ያዙ፤ አሮጌውን ለመጠን ውሰዱ።

የሸራው አቀማመጥ። ይህ በጣም ይዘለላል። ጎማውን አውልቁና እነዚህን እዩ፦

1. የሸራው ሁለቱም ጫፍ መያዣው ውስጥ ሳይንጋደድ ገብቷል? በጣት ሲገፋ ይንሸራተታል? መያዣው ላይ ዝገት ካለ ሸራው ሰያፍ ይቆማል፤ ስትረግጡ ይታጠፋል፤ እግራችሁ ሥር ልክ እንደ አየር ይሰማል።
2. ከሸራው ጀርባ ያለው ስስ ቆርቆሮ ድርብ ሆኗል? አዲሱ የራሱ ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ አሮጌውን ከጨመራችሁበት አውጡት።
3. ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች በእጅ ይንቀሳቀሳሉ? ከተያዙ አውጥታችሁ ጥረጉ፤ ለፍሬን የሚሆን ግራሶ ቀቡ።
4. ዲስኩ ጠርዙ ላይ ከንፈር አውጥቷል? አዲሱ ሸራ በከንፈሩ ላይ ከቆመ መሃሉን አይነካም። ዲስኩ ይላጫል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የዲስኩ ጠርዝ ወይም መሃሉ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል፤ ከዚያ በታች አይወርድም።
5. ዲስኩን ካወለቃችሁ ከጀርባው ያለውን ዝገት በብረት ብሩሽ አጽድታችሁ ነበር? ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ዲስኩን ያወላግደዋል። የተወላገደ ዲስክ ሲዞር ፒስቶኑን ወደ ኋላ ይመታዋል፤ ቀጣዩ ርግጫ ይሰምጣል። ላላ ያለ የጎማ ኩሽኔታም ይህንኑ ያደርጋል፤ በተለይ ከኩርባ በኋላ።

ካሊፐሩን ከቀየራችሁ። የአየር ማስወጫው ብሎን የት እንዳለ እዩ። ከላይ መሆን አለበት። ከታች ከሆነ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ ገጥማችኋል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በበርሜል ዘይት ብታሳልፉ አይወጣላችሁም። ፈታችሁ አቀያይሩ።

## ደረጃ 3፦ የኋላ ታምቡር

ፔዳሉ ወርዶ ወርዶ ከዚያ የሚጠነክር ከሆነ በጣም የምጠረጥረው ይህን ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ ፔዳሉን ርገጡ። ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል።

1. የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። የኋላውን አንሱና ደግፉ። የፊት ጎማዎቹ ታግደዋል?
2. ከታምቡሩ ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ የላስቲክ ክዳን ሊኖረው ይችላል። ውስጡ ጥርስ ያለው ማስተካከያ ይታያል።
3. በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጥርሱን በአንዱ አቅጣጫ እየገፋችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ነጻ እየሆነ ከሄደ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው።
4. ጎማው በእጅ የማይዞር እስኪሆን አጥብቁ። ፔዳሉን አንዴ ርገጡ፤ ሸራዎቹ መሃል ይይዛሉ።
5. ጎማው ዞሮ ሸራው ቀለል ያለ «ሽሽሽ» ብቻ እስኪያሰማ ድረስ ጥርሱን መልሱ።
6. ሁለቱን ጎማ እኩል አድርጉ። አንዱ ከጠበቀ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ይጎትታል።

ጥርሱ አልዞር ካለ አታስገድዱት። ታምቡሩን አውልቁና ማስተካከያውን አጽዱ። ግራና ቀኙ የሚለያዩ ስለሆኑ አታቀላቅሏቸው፤ ከተቀላቀሉ ማስተካከያው በራሱ ከማጥበቅ ይልቅ ይፈታል። የኋላ ሸራ ከቀየራችሁና ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው።

## ደረጃ 4፦ አየር ማስወጣት

መስመሩን ከከፈታችሁ፣ ማጠራቀሚያው ደርቆ ከነበረ ወይም ደረጃ 2 እና 3 ምንም ካላሳዩ አሁን ጊዜው ነው።

ቅደም ተከተል። የፊት ካሊፐሮችን ብቻ ከፈታችሁና ማጠራቀሚያው ካልደረቀ የፊቶቹ ይበቃሉ። ሙሉውን ከሆነ ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምሩ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ሌላ ካዘዘ ግን እሱን ተከተሉ፤ መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ መኪኖች አሉ።

ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርጉ። ይህን አትናቁት። በአሮጌ መኪና የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት የተመላለሰው ላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ታችኛው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። ፔዳሉን እስከ ወለል ስትረግጡ ጎሚኒው እዚያ ላይ ይላጫል። ለአየር ተብሎ የተጀመረ ሥራ ማስተር በመግዛት የሚያልቀው እንዲህ ነው።

1. ሞተሩን አጥፉ። ማጠራቀሚያውን እስከ ላይኛው መስመር ሙሉ። ክዳኑን ሳታጠብቁ ከላይ አስቀምጡ።
2. ብሎኑን ከአቧራ ጥረጉ። ቁልፉን አስቀድማችሁ አግቡ፤ ከዚያ ቱቦውን ሰኩ። ሌላኛውን ጫፍ ትንሽ ንጹሕ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ዘይቱ ሥር አድርጉ።
3. «ርገጥ» በሉ። ረዳታችሁ ሦስት ጊዜ በዝግታ ይረግጣል፤ ከዚያ አጥብቆ ይይዝና «ያዝኩ» ይላል።
4. ብሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ። ዘይትና አረፋ ይወጣል፤ ፔዳሉ ይወርዳል። ረዳቱ እግሩን ማንሳት የለበትም።
5. ፔዳሉ እንጨቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብሎኑን ዝጉ። ከዚያ «ልቀቅ» በሉ።
6. ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ድገሙት።
7. አምስት ጊዜ ያህል ካደረጋችሁ በኋላ ማጠራቀሚያውን እዩና ሙሉ።
8. አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት ሲመጣ ብሎኑን አጥብቁ። ትንሽ ስለሆነ በክንድ ኃይል አትጫኑት፤ በቀላሉ ይቆረጣል። ወደ ቀጣዩ ጎማ እለፉ።

ሥራው የሚበላሸው ተራ ቁጥር 5 ላይ ነው። እግር ከተነሳ በኋላ ብሎን ከተዘጋ ያስወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ሳባችሁት። ረዳታችሁ ስልክ እያየ የሚረግጥ ከሆነ ሰው ቀይሩ።

አረፋው አላልቅ ካለ። አየሩ በብሎኑ ጥርስ በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ብሎኑን ያነሰ ክፈቱት። ካሊፐሩን በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው አረፋ ይላቀቃል። ወይም ብሎኑን ከፍታችሁ ፔዳል ሳትነኩ ዘይቱ በራሱ ክብደት ለ10 ደቂቃ እንዲንጠባጠብ ተዉት። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

ማጠራቀሚያው ከደረቀ። አየር ማስተሩ ውስጥ ገብቷል። ሙሉና ከመጀመሪያው ጎማ ጀምሩ። አቋራጭ የለውም።

ብሎኑ ካልተፈታ። ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ነፍታችሁ ሰዓት ጠብቁ። ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርጉ። መጀመሪያ ትንሽ ለማጥበቅ ሞክሩ፤ ከዚያ ፍቱ። ሲጠመዘዝ እንደ ማስቲካ ከለሰለሰ አቁሙ፤ ሊቆረጥ ነው።

የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙ። ሃይላንድ ውስጥ ያጠራቀማችሁት ከሆነ ዛሬውኑ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበትና ልጅ የማይደርስበት አድርጉት። ቀለሙ ሻይ ወይም ለስላሳ ይመስላል።

## ደረጃ 5፦ አሁንም ከለሰለሰ

ማስተሩን ፈትኑ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ከፍ አድርጉት። ከዚያ በመጠኑ ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ቀጥሎ በጣም ለስላሳ በሆነ ግፊት ድገሙት፤ ያረጀ ጎሚኒ አንዳንዴ በኃይል ሲረገጥ ይይዝና በቀስታ ሲረገጥ ያሳልፋል። በውጭ ምንም ሳይፈስ ፔዳሉ ከወረደ ማስተሩ ነው። አዲስ ስትገጥሙ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ አየሩ ይውጣ፤ ደረቁን ገጥሞ በፔዳል ለማውጣት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ጎማ በጎማ ለዩ። ለዚህ የተሠራ፣ አፉ ለስላሳ የሆነ የቱቦ መቆንጠጫ ያስፈልጋል። የላስቲክ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጥጡና ፔዳሉን ርገጡ። አንዱ ሲዘጋ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ችግሩ እዚያ ጎማ ላይ ነው። በባዶ ፒንሳ አትቆንጥጡ፤ ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል። የተሰነጣጠቀ ቱቦ ላይ ደግሞ ሙከራው ራሱ አያስፈልግም፤ ቀይሩት።

ቱቦውን በእጅ ያዙ። ሰው በኃይል ሲረግጥ የላስቲክ ቱቦው እጃችሁ ውስጥ ካበጠ አርጅቷል። በአንድ አክስል ላይ ያሉትን ሁለቱንም ቀይሩ።

## ቤት ውስጥ የማይሠራው

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) ያለው መኪና ማጠራቀሚያው ደርቆ አየር ኤቢኤስ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በፔዳል ብቻ ላይወጣ ይችላል። ሳጥኑን በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ጋራዥ ያስፈልጋል። ሃይብሪድ መኪናዎች ፍሬናቸው በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ስለሆነ በር ስትከፍቱ እንኳ በራሱ ግፊት ሊሠራ ይችላል፤ የጥገና ሁኔታ ውስጥ ሳይገቡ አይነኩም። በኤሌክትሪክ የሚያዝ የእጅ ፍሬን ያለው የኋላ ካሊፐርም እንዲሁ።

የእጅ ፍሬኑ የኋላ ካሊፐሩ ውስጥ የሆነ መኪና ፒስቶኑ ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። በግፊት ብቻ ካስገባችሁት ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 6፦ መሞከርና አዲሱን ሸራ ማላመድ

1. ሞተር አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም። ከግማሽ በታች ከወረደ አትንቀሳቀሱ።
2. ግቢ ውስጥ በእግር እርምጃ ፍጥነት ነድታችሁ ያዙ። አንድ እጅ የእጅ ፍሬኑ ላይ ይሁን። ወደፊትም ወደኋላም ደጋግሙ።
3. መኪና በማይበዛበት ሰዓት ቀጥ ያለ ሜዳ መንገድ ፈልጉ። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስከ 10 ድረስ በመካከለኛ ርግጫ ቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ትንሽ ነድታችሁ ድገሙት፤ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። የሸራው አምራች ሌላ ካለ የእሱን ተከተሉ።
4. ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ግለቱ ሳይወጣ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቁሙ።
5. ቤት ስትደርሱ ማጠራቀሚያውንና የፈታችሁትን ብሎን ሁሉ በባትሪ እዩ። የጎማ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

አዲስ ሸራ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ጥቂት ለስለስ ማለቱ ያለ ነው፤ ግን ከቀን ወደ ቀን መሻሻል አለበት። ከባሰበት ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

## ቁልቁለት ላይ ብቻ ከለሰለሰ

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ ዘይቱ እየፈላ ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። የዓባይ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ፋታ የለውም። ወይም ደግሞ ፒኑ የተያዘ ካሊፐር ሸራውን ሳይለቅ እየጎተተ ያግለዋል፤ ቆማችሁ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጋረፍ ከሆነ እሱ ነው።

መንገድ ላይ ከደረሰባችሁ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ማርሽ አንድ በአንድ ቀንሱ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል። መመለሱ ግን አያዘናጋችሁ፤ የቀረውን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ውረዱና ስትደርሱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። የጋለውን ዲስክ ለማቀዝቀዝ ብላችሁ ውሃ አታፍስሱበት፤ ይወላገዳል ወይም ይሰነጠቃል።